ለጥርባ ሐይቅ ዋስ የሆንኩ ለታ

ሰሞኑን ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ፈሪ ሆኗል። አላስተዋላችሁም? ድሮ ሰው የሚፈራው የሚያውቀውን ነገር ነበር። ጅብ፣ በረዶ፣ የጎረቤት ምላስ። አሁን ግን እንጅባራ መሀል ከተማ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ዘርግቶ ከሰማይ ስለሚመጣ ድንጋይ ያወራላችኋል። የድንጋዩን ስፋት ያውቀዋል። የሚመጣበትን ዓመት ያውቀዋል። የማያውቀው ነገር ቢኖር የሚወድቅበትን ቦታ ብቻ ነው። ትንሽ ከጠበቃችሁት እሱንም ይነግራችኋል።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በእኛ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆን ማለት ምድርንና ሰማይን ወክሎ መልስ መስጠት ማለት ነው። ዝናብ ሲዘገይ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ሲበዛም የምወቀሰው እኔው ነኝ። ዓምና ያ የድንጋይ ወሬ የነገሠ ሰሞን አንድ የባጃጅ ሾፌር ጭኖኝ ሲሄድ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» አለኝ። ለምን እንደፈለገው ብጠይቀው ጎማ ሊቀይር አስቦ እንደነበር፣ የሚወድቅ ከሆነ ግን ባለው ጎማ እንደሚጨርስ ነገረኝ። አስቆምኩትና ወርጄ ጎማውን አየሁት። ሽቦው ወጥቷል። ድንጋዩ ቢመጣም ገና ዓመታት እንደሚቀሩት፣ ጎማው ግን ዛሬን የሚውል እንደማይመስለኝ ነግሬው የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

እንግዲህ እናንተም ከመጠየቃችሁ በፊት ልንገራችሁ። ከሰማይ ድንጋይ ይወድቃል ወይ? ይወድቃል። በየቀኑ ይወድቃል። አብዛኛው ግን ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነውና እላይ ነዶ ያልቃል። ተወርዋሪ ኮከብ እያልን የምናደንቀው እሱን ነው። አስትሮይድ የሚሏቸውን ትልልቆቹን ደግሞ ሥራዬ ብለው የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። እንዲያውም መንኮራኩር ልከው አንዱን ገጭተው ከመንገዱ ፈቀቅ አድርገውታል። እሳተ ገሞራስ? እሱን ገጭቶ ፈቀቅ የሚያደርግ ሰው ገና አልተወለደም። መክደኛም የለውም። ዓለምን በጠቅላላው ካያችሁት፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከሰማይ እስኪወድቅ ድረስ ከምድር በታች ያለው እሳት ስንትና ስንት ጊዜ ይፈነዳል። አንዱ ትልቅ ተራራ ሩቅ አገር ፈንድቶ አመዱ ፀሐይን ቢጋርድ እዚህ ያለው ድንች ይቀጭጫል። ስለዚህ የግድ ፍሩ ከተባለ መፈራት ያለበት የታችኛው ነው። ሰው ግን የላይኛውን ይመርጣል። ከላይ የመጣ ነገር ቁጣ ይመስለዋላ። ከእግሩ በታች ያለውንማ ሲረግጠው ስለሚውል ንቆታል።

እኛ ደግሞ በተለይ ንቀነዋል። አገሬን ለማያውቅ ልንገር፤ እንጅባራ ዙሪያ እንደ ገበቴ ክብ ሆነው የተቦረቦሩ ሐይቆች አሉ። ዘንገና አለ፣ ጥርባ አለ። በጥንት ጊዜ ምድር በእሳት የተነፈሰችባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ጎብኚዎች ዘንገና አፋፍ ላይ ቆመው፣ ይህ ጉድጓድ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ነው ወይስ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው እያሉ ይከራከራሉ። በዚያ የሚያልፉ አንድ አዛውንት ትንሽ አዳመጡና፣ «ውሃው ከሰማይ፣ ጉድጓዱ ከምድር» ብለዋቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ይህንኑ ለማስረዳት አርባ ደቂቃና ሁለት ጠመኔ እጨርሳለሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ የአለበል ጋብቻ ነው።

አለበል ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው። ጥርባ ላይ፣ ልክ ከሐይቁ አፋፍ፣ የአባቱ ቤት አለ። እዚያው ዘር ድንች ያባዛል፤ ፈረስም ያረባል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጎበዝነቱን የማውቀው ግን በጂኦግራፊ አይደለም። እንጅባራ ስትማር ያገኛትን ሰርክአዲስ የምትባል የዳንግላ ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ጨዋታዋም ሥራዋም የሚያስቀና ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ምን ቀረ ትሉ ይሆናል። አባትየው ቀሩ እንጂ።

አባቷ አያ አዳሙ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ዳንግላ ውስጥ በየጓሮው ካሉት ጉድጓዶች ብዙዎቹ የእሳቸው እጅ ሥራ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በገመድ ወደ ታች ሲወርዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የምድርን ሆድ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ በመጽሐፍ ነው የማውቀው፤ እሳቸው በአካፋ።

ሽማግሌ ተባልንና ሦስት ሆነን ሄድን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው የአለበል ጎረቤት አያ ካሴ ነው፤ ገበሬና ስሙ የታወቀ ፈረሰኛ፣ በአዊኛም በአማርኛም እኩል የሚቀልድ ሰው። ሦስተኛው ቄስ ናቸው፤ እሳቸው ከጸሎትና ከምርቃት ሌላ ቃል አያባክኑም። የመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ አያ አዳሙ ዘመድ ላማክር አሉን። ደግ፣ ወጉ ነው። በሁለተኛው ልጅቱን ልጠይቅ አሉ። ይኸም ወጉ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ወይ እሺ ነው ወይ እንቢ። አያ ካሴ እንደሚለው አራተኛ ጊዜ የሚሄድ ሽማግሌ ሽማግሌ ሳይሆን ለማኝ ይባላል። እንግዲህ አለበል ሰርክአዲስን የማግኘቱ ነገር በሦስተኛዋ ጉዞ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ታዲያ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? በአፋር በኩል ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰነበተች። ጭሱን፣ የተሰነጠቀውን መሬት፣ ከቤቱ የወጣውን ሰው በየስልኩ አየን። የአያ አዳሙ ስልክም አየ።

በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ስንሄድ አያ ካሴ አስጠነቀቀኝ። እዚያ ስንደርስ ትምህርት ቤት እንዳይመስለኝ፣ የተጠየቅሁትን ብቻ እንድመልስ፣ ካልተጠየቅሁም ዝም አይነቅዝም ብሎ መከረኝ። ሙሽራው አለበል ራሱ አላስችለው ብሎ ተከትሎን መጥቶ ነበር፤ ወጉ ስላልሆነ ግን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አስቀመጥነው።

ደረስን። ቆምን። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ «ተቀመጡ» እስኪባል ድረስ አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ ተስፋ አለው ማለት ነው። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ አያ ካሴ የመጣንበትን አሳምሮ ተናገረ፣ አያ አዳሙም አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ከዚያ ቀና አሉና፣ «ልጁን አልጠላሁትም። ዘመዶቹንም አጣርቻለሁ፤ ጨዋ ናቸው። ቤቱ ያለበት ቦታ ነው ያላማረኝ። እኔ ልጄን እሳት አፍ ላይ አላስቀምጥም» አሉ።

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እኔ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። የዘር ነገር፣ የጥንት ቂም፣ የሌላ ሽማግሌ መቅደም። ለካ ሰውየውን ያስጨነቃቸው የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ኖሯል። ሃያ ዓመት ሳስተምር ስለ እሳተ ገሞራ ከልቡ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ፈተና ላይ ይመጣ እንደሆነ ነው። አሁን አንድ የተከበሩ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው፣ ከልባቸው አነሱልኝ። የአያ ካሴን ምክር ረሳሁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ጥርባ ከተኛ እጅግ ረጅም ዘመን እንደሆነው ነገርኳቸው። የአፋሩና የእኛው መሬት አንድ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። እሳተ ገሞራ እንደ ሌባ ድንገት እንደማይመጣ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ መልእክት እንደሚልክ፣ መሬቱ እንደሚርድ፣ ውሃው እንደሚሞቅ፣ መጥፎ ሽታ እንደሚሸት አስረዳሁ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር። አያ አዳሙ ፊታቸው እየተፈታ መጣ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ። አስተማሪ ግን ደወል ካልተደወለ አያቆምም። ያ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ ጥርባ ብቻ ያለ እንዳይመስላቸው፣ ዳንግላም ከሥሩ ያው ድንጋይ እንደሆነ ጨመርኩላቸው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። አያ አዳሙ ተነስተው ቆሙ። «አውቃለሁ፣ ቆፍሬዋለሁ» አሉ። «ስለዚህ ይኸ ቤቴም ያለው እሳት ላይ ነው ማለትዎ ነው?»

አያ ካሴ በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረመ። አዊኛ አለመቻሌ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው። ነገሩን ላስተካክል ብዬ ወደ ሰማይ ወጣሁ። አያ፣ እንዲህ ከተባለማ ከሰማይ የሚመጣ ድንጋይም አለ፤ እሱ ጥርባ ዳንግላ ብሎ አይመርጥም፤ አዲስ አበባም ቢሆን አይቀርለትም፤ ስለዚህ የጥርባ ሰው ከሌላው ተለይቶ የሚፈራበት ምክንያት የለም አልኩ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ዛሬም ቢሆን እከራከርበታለሁ። አያ አዳሙ ግን ዕድሜ ልካቸውን ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይተው የማያውቁ ሰው ኖረዋል። ቀስ ብለው የቤታቸውን ቆርቆሮ ቀና ብለው አዩት። ሴት ልጃቸውን ልንለምን ሄደን ሰውየውን ከምድርም ከሰማይም አጣላናቸው።

ከዚያ አያ አዳሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ሌላውን ተዉት» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ። ጥርባ ሁለተኛ አይፈነዳም ብለው ይምሉልኛል?»

አያ ካሴ እግሬን ረገጠኝ። ቄሱ እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ያዩ ጀመር። በጓዳው በር ክፍተት የሰርክአዲስ የቀሚሷ ጫፍ ይታየኛል፤ እንደ ሐውልት ቆማለች። አለበል ሻይ ቤት ሆኖ ስንተኛውን ሻይ እንዳዘዘ እግዜር ነው የሚያውቀው። «እምላለሁ» የምትል አንዲት ቃል ካወጣሁ እልልታ ይሆናል። ማን ይጠይቀኛል? ሐይቁ ከፈነዳ ከሳሽም ተከሳሽም አይተርፍ።

አልቻልኩም። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ አልቻልኩም። ተኝቷል እላለሁ እንጂ ሞቷል አልልም፤ በእርስዎም በልጅዎም በልጅ ልጅዎም ዘመን ይነሳል ብዬ አልሰጋም፤ መሐላ ግን ሌላ ነው፣ አልምልም አልኳቸው። የቀሚሱ ጫፍ ከበሩ ክፍተት ጠፋ። እንደዚያን ቀን ትምህርቴን ጠልቼው አላውቅም።

ይኼኔ ከጓዳ ድምፅ መጣ። የሰርክአዲስ እናት ናቸው፤ እትየ የሽወርቅ። ሳይወጡ፣ እዚያው ሆነው ነው የተናገሩት። «አንተ ሰው» አሉ ባላቸውን፣ «ያን ሁሉ ዓመት ጉድጓድ ስትወርድ ገመዱን ይዤ ከላይ የምቆመው እኔ ነበርሁ። ይደረመሳል አይደረመስም ብሎ ማን ማለልኝ? ማንም። ትወርዳለህ፣ እይዛለሁ። በዚሁ አይደል ሦስት ልጅ ያሳደግን?»

አያ አዳሙ ቁጭ አሉ። መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት፤ ገመድ የላጠው፣ ድንጋይ የጠረበው መዳፍ ነው። እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ አስተማሪ ማልቀስ የለበትም የሚል ደንብ ስላላየሁ አልደበቅሁትም። ከዚያ አያ አዳሙ «እውነቷን ነው። ያለ ገመድ ግን ወርጄ አላውቅም። ለልጄም ገመድ የሚይዝ ሰው ስጡኝ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባን ስንተያይ፣ «ዋስ ጥሩ» አሉ። «ለልጁ ጠባይ ዋስ ትጠሩ የለም? ለሐይቁም ዋስ ጥሩ።»

እንግዲህ በእኛ አገር ጋብቻ ሲፈጸም ውል ይጻፋል፤ ለሙሽራው ዋስ ይቆማል። ለሐይቅ ዋስ ሲጠራ ግን እኔም አያ ካሴም ቄሱም ሰምተን አናውቅም። አያ ካሴ ግን ፈረሰኛ አይደል? ክፍት ቦታ ካየ ይጋልባል። ዓይኑን ሳያሽ፣ «መምህሩ አሉልዎ» አለ።

ሰዎች ሆይ፣ ምን ልበል? ካልማልኩ ዋስ ልሁን እንጂ። እሺ አልኩ። ያኔ ነው አያ አዳሙ «በሉ ተቀመጡ» ያሉት። እልልታው ከጓዳ ፈነዳ። የመጀመሪያው የዋናዋ የሰርክአዲስ እንደነበር በኋላ ሰማን፤ ነውር ነው ብለው የተቆጧት አክስቶቿ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደገሙት። አለበልን ለመጥራት አያ ካሴ ራሱ ሮጠ።

ውሉ ላይ ከሌላው ቃል በታች አንድ መስመር ተጨመረ። የጥርባ ሐይቅ ውሃው ቢሞቅ ወይም ምድሩ ቢርድ፣ መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ ልጅቱን ሊያወጣ ዋስ ሆኗል ይላል። ፈረምኩ። ቄሱ ያን ቀን ያላቸውን አንድ ትርፍ ቃል ያወጡት እዚህ ላይ ነው፤ «ያበርታህ» አሉኝ።

ሰርጉን አልተርክላችሁም፤ በዚያ ስንት ፈረስ እንደተሰለፈ ስናገር የሰማ ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል። ካልታዘልኩ አላምን አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ እኔም ሰርክአዲስ ጥርባ ደርሳ ከበቅሎ እስክትወርድ አላመንኩም። ስትወርድ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ለካ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዋስትናዬ ሥራ ጀምሯል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥርባ ነኝ። ከእንጅባራ እሄድና አፋፉን እወርዳለሁ፤ ጎንበስ ብዬ እጄን ውሃው ውስጥ እነክራለሁ። ላየኝ ሰው ጥናት ላይ ነኝ እላለሁ። ጉንጬን ወደ መሬት አስጠግቼ አዳምጣለሁ፣ አሸታለሁ። አንድ ቅዳሜ፣ በብርዱ በኅዳር ወር፣ እጄን ብነክር ውሃው ሞቀኝ። እውነቴን ነው፣ ሞቀኝ። ሽቅብ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ቤት ስደርስ ሰርክአዲስ፣ ያኔ ነፍሰ ጡር ናት፣ ልብስ ታጥባለች። ነይ ውጪ፣ ሞቋል አልኳት። ልጅቷ ሳትደነግጥ እጄን ያዘችና፣ «መምህር፣ የርስዎ እጅ እኮ ነው በረዶ የሆነው። እንኳን ሐይቁ ይኼ የልብስ ውሃም ይሞቅዎታል» አለችኝ። ገንዳው ውስጥ ነከረችው። ሞቀኝ። ከዚያ በኋላ ብብቴ ውስጥ ሳላሞቀው እጄን ሐይቅ ውስጥ አልከትም።

ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሳ አያ አዳሙ ከዳንግላ መጡ። ሁለት ቀን አድረው ሊመለሱ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል? ሕፃኗን ታቀፉ፤ ጣታቸውን ጨበጠችው፤ በቃ፣ ቀሩ። ዳንግላ ያለው ቤት ለእትየ የሽወርቅና ለዶሮዎቹ ሆነ። ቆይቶ እሳቸውም ዶሮዎቹን ለጎረቤት አደራ ብለው መጡ። አያ አዳሙ ደግሞ ሥራ ፈትተው መቀመጥ የማይወዱ ሰው ናቸውና እዚያው አፋፉ ላይ፣ ከአለበል ጓሮ፣ የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። አያችሁልኝ? ልጄን እሳት አፍ ላይ አላስቀምጥም ያሉት ሰውዬ ራሳቸው በአካፋ ወደ እሳቱ እየወረዱ ነው። ገመዱን እትየ የሽወርቅ ይይዛሉ። ሰው አይፈሩም ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ምን ያስፈራኛል? ዋስ አለኝ» ይላሉ አሉ።

ያለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ወርጄ፣ ነክሬ፣ አሽትቼ፣ እጄን እየጠረግሁ ሽቅብ ስወጣ አያ አዳሙ ከቁፋሮው አረፍ ብለው ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው። አሁን ዘመድ ስለሆንን «አንተ» ነው የሚሉኝ።

«እህ፣ ዛሬስ እንዴት ዋለ?» አሉኝ።

ቀዝቃዛ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ጎሽ። የታችኛውን ላንተ ሰጥቸዋለሁ፤ ጠባቂ እንደሆንክ አይቸሃለሁ፣ አልሰጋም» አሉ። የልጅ ልጃቸውን ሻሽ አስተካከሉ። «ግን መምህር፣ አንድ ነገር ስቻለሁ። ያ ከላይ ይመጣል ያልኸኝ ድንጋይ። ለእሱ ዋስ ሳንጠራ ነው ልጅቱን የዳርናት።»

እኔም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማዩን አትፍሩ እያልኩ ያስተማርኩት ሰው፣ ቀና ብዬ አየሁ።